ከ11 ጊጋ ወደ 280 ጊጋ፦ የጋሼ ካሴቶችና የሞላው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ የጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሲገዙት 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለው ተብለዋል። ዊንዶውስ የሚያሳየው ግን 465 ነው። ማንም አላጭበረበራቸውም። አምራቹ በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024። ጣጣው ሌላ ነው። ከ465ቱ ውስጥ ነጻ የቀረው 11 ጊጋ ብቻ ነበር። የዲስኩ መስመር ቀይ ሆኗል፣ አፕዴት «ቦታ የለም» እያለ ይመለሳል፣ አንድ ፎልደር ለመክፈት ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ዘፈኖቹን አሳንስልኝ። ግን አንድም እንዳይጠፋ።»

የእህታቸው ልጅ ቀድሞ መላ አምጥቷል። ሁሉንም በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት የሚይዝ ኤምፒ3 አድርጎ ኦሪጅናሉን ዲሊት ማድረግ። በአንድ ሌሊት ያልቃል ብሏል። እውነቱን ነው፣ ያልቃል። ዲስኩም ባዶ ይሆናል። ነገር ግን ያ ፎልደር ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አልነበረም። እኔም ማንኛውንም ፋይል ከመንካቴ በፊት ምን እንዳለ ልየው አልኩ።

ያለው ይህ ነው። ጋሼ ለዓመታት ያከማቿቸውን ካሴቶች ራሳቸው ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ቆይተዋል። ጥሩ ዴክ አላቸው፣ ትዕግሥትም አላቸው። ወደ 90 የሚጠጉ ካሴቶች ገልብጠዋል፤ አብዛኛው የአንድ ሰዓት ካሴት ነው። ብዙው ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ነው። ሌላው ግን የትም የማይገኝ ነው። የእህታቸው ሰርግ አለ። አባታቸው በገና ሲደረድሩ አለ። ከጅዳ የተላኩ የድምፅ ደብዳቤዎችም አሉ። ስልክ መደወል ውድ በነበረበት ጊዜ ዘመድ ሰላምታውን፣ ሐሜቱንና ለቅሶውን ካሴት ላይ ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር። ብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም ቁም ሳጥን ላይ አሉ።

ሁሉም የተቀዱት ዋቭ በሚባለው ፎርማት፣ በሴኮንድ 96,000 ናሙና እና በ24 ቢት ነው። ናሙና ማለት ድምፁ በአንድ ቅጽበት ተለክቶ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ 24 ቢት ደግሞ 3 ባይት ነው። ጋሼ «ትልቁን ምረጥ፣ ጥራቱ የተሻለ ነው» የሚል ምክር ሰምተዋል። ስሌቱን እንሥራው። 96,000 በ3 ባይት፣ በሁለት ቻናል (ግራና ቀኝ)፦ በሴኮንድ 576,000 ባይት። በሰዓት ሁለት ጊጋ ገደማ። ዘጠና ሰዓት ሲሆን፣ በዊንዶውስ አቆጣጠር፣ 174 ጊጋ።

የሙዚቃ ፎልደሩ ግን ወደ 345 ጊጋ ነበር። ቀሪውን ማን በላው? ከኢንተርኔት የወረዱ ኤምፒ3ዎች 20 ጊጋ ያህል ናቸው። የተረፈው 150 ጊጋ ጋሼ ካሴቱን የሚቀዱበትና የሚያስተካክሉበት ፕሮግራም፣ የኦዳሲቲ፣ ፕሮጀክት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ካሴት የሚገለብጡ ሰዎች ላፕቶፕ ላይ ይህን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ኦዳሲቲ ድምፁን የሚይዘው በ24 ቢት ሳይሆን በ32 ቢት ነው፤ ለማስተካከል እንዲመቸው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ካሴት ፕሮጀክት ሆኖ ሲቀመጥ በዊንዶውስ አቆጣጠር ከ2.5 ጊጋ ያልፋል፣ ማለትም ከዋቩም ይበልጣል። በዚያ ላይ የካሴቱን ሹክሹክታ፣ ማለትም ከጀርባ «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ፣ ለመቀነስ ድምፁን በሙሉ ካስተካከልክ፣ ፕሮግራሙ መመለስ ከፈለግህ ብሎ የበፊቱንም ይይዛል። ፕሮጀክቱ በሥርዓት ሲዘጋ የማይፈለገው ይጸዳል። መብራት ሄዶ ማሽኑ ድርግም ካለ ግን ሁለቱም እዚያው ተጋድመው ሊቀሩ ይችላሉ። ከ2021 ወዲህ፣ ማለትም ከ3.0 ስሪት ጀምሮ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ ለዓይን ቀላል ይመስላል። ጋሼ ፕሮጀክቱን እንደ ዘፈኑ ነበር የሚያዩት። ዋቩን ካወጡ በኋላ ፕሮጀክቱ አያስፈልግም ያላቸው ሰው የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ቦታ የተገኘው አንድም ፋይል ሳይቀየር ነው። ግን ዝም ብሎ ማጥፋት አይቻልም። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ዋቭ እንዳለው፣ ርዝመቱም ከዋቩ ጋር እኩል መሆኑን አንድ በአንድ አየን። ደግሞም ጥሩ አደረግን። ጥቂቶቹ ዋቭ አልነበራቸውም። ተቀድተው ሳይወጡ የተረሱ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ የአባታቸው በገና ነበር። እነዚህን በቀጥታ ከኦዳሲቲ አወጣናቸው።

ከዚያ በፊት ግን የተደረገ ነገር አለ። የአንድ ቴራ ኤክስተርናል ተውሰን የሙዚቃ ፎልደሩን እንዳለ ገለበጥነው። ጋሼ «መጀመሪያ ባዶ ቦታ እንጂ ሌላ ኮፒ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ነበር። መልሴ አንድ ነው። መብራት በሚሄድበት አገር፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ፣ ኮፒ የሌለው ፋይል ኮንቨርት አይደረግም። በኋላ እንደምታዩት ይህ ነገር ሠርቷል።

ፕሮጀክቶቹ ሲጠፉ ነጻው ቦታ ከ11 ወደ 160 ጊጋ ወጣ። ሪሳይክል ቢን ካልተራገፈ ግን ምንም አይለወጥም። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር፤ ከዚህ ቀደም አጥፍተው «ቦታው አልተመለሰም» ያሉት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ዋቮቹ። የእህታቸው ልጅ እዚህ ላይ እንደገና ገባ። «ዚፕ ብናደርገውስ?» አለ። ሞከርነው፤ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልቀነሰም። ዚፕ የሚፈልገው የሚደጋገም ነገር ነው፤ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ ነው። የድምፅ ሞገድ ቁጥሮች ግን አንዱ ከሌላው ጋር አንድ ሆነው አይደገሙም። ፍላክ የተባለው ፎርማት የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። ካለፉት ናሙናዎች ተነስቶ ቀጣዩን ይገምታል። ከዚያ ግምቱ የሳተበትን ልዩነት ብቻ ይጽፋል። ልዩነቱ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ሲከፈት እያንዳንዷ ቁጥር እንደነበረች ትመለሳለች። ከ2001 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ጋሼ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። «ጠቦ ድምፁ አይጎዳም ትለኛለህ?»

«አይጎዳም ጋሼ። ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ አጥፈው ሲያስገቡት ብርድ ልብሱ አይቀነስም።»

«ኤምፒ3ውስ?»

«ኤምፒ3 ከብርድ ልብሱ ቆርጦ ይጥላል።»

በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል። ፎባር2000 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሁለት ፋይሎችን ናሙና በናሙና የሚያወዳድር ተጨማሪ ክፍል ይጫንበታል። አንድ ዋቭና ከእሱ የተሠራውን ፍላክ ሰጠነው። ምንም ልዩነት የለም አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እንደገና አሠሩት።

አሁን የሚከብደው ውሳኔ መጣ። ሁሉንም በ96 ሺህና በ24 ቢት እንዳለ ወደ ፍላክ ብንለውጠው ከ174 ጊጋ ወደ 105 ገደማ ይወርዳል። ካሴት ላይ ፍላክ እንደ ሲዲ አይቀናውም። ምክንያቱ ሹክሹክታው ነው። የካሴት ሹክሹክታ ሥርዓት የለውም፣ ስለዚህ ሊገመት አይችልም፤ የማይገመት ነገር ደግሞ አይታጠፍም። ከ24ቱ ቢት ታችኞቹ የተሞሉት በዘፈን ሳይሆን በዚህ ሹክሹክታ ነው። ጋሼ በሁለት ጊጋ በሰዓት ሲያስቀምጡት የኖሩት ትልቁ ነገር የክሩ ጩኸት ነበር ማለት ይቻላል።

ተራ ካሴት፣ ዶልቢ የሚባለው የሹክሹክታ መቀነሻ ከሌለው፣ በዘፈኑና በሹክሹክታው መካከል ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ነው። 16 ቢት 96 ዴሲቤል ይይዛል። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል፤ የሲዲው 44,100 ናሙና እስከ 22,050 ኸርዝ ይደርሳል። ስለዚህ ከሙዚቃ ቤት ለተገዛ ካሴት 16 ቢትና 44,100 ከበቂ በላይ ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የሚከራከሩ አሉ። ይከራከሩ።

የትም ለማይገኙት ግን ሌላ ሕግ ያዝን። የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር ለእንዲህ ዓይነት ቅጂ ቢያንስ 48,000 ናሙናና 24 ቢት ይመክራል። ነገ የተሻለ የድምፅ ማጽጃ ቢመጣ የሚሠራበት ነገር ይኑር ነው ምክንያቱ። የጋሼ ሰርግ፣ በገናና ደብዳቤ ከዚህም በላይ ስለሆነ እንዳለ ወደ ፍላክ ታጠፈ፤ አንዲት ናሙና አልተነካችም። እነዚህ 25 ሰዓት ያህል ናቸው። 48 ጊጋ የነበሩት ወደ 29 ወረዱ። የተገዙት 65 ሰዓት ግን ከ125 ጊጋ ወደ 22 ወረዱ። ልዩነቱን አስተውሉ። ትልቁን ቦታ የሰጠው ፎርማቱ ሳይሆን የማያስፈልገውን ናሙና መተው ነው።

ማን የት ይግባ የሚለውን የወሰኑት ጋሼ ናቸው። እኔ ልወስን አልችልም። አንድ የተገዛ ካሴት አንስተው «ይኼ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ የለም አሁን» አሉ፤ ከውድ ዕቃው ጋር አስገቡት። ትክክል ናቸው። የተገዛ ሁሉ ዳግም ይገዛል ማለት አይደለም።

ኮንቨርት ማድረጉ ራሱ የሚወራለት አይደለም። ፋይሎቹን መርጠህ ፎባር ላይ ትለቃለህ፣ ፎርማቱን የሚሠራውን ነጻ የኢንኮደር ጥቅል ቀድመህ ትጭናለህ፣ ከዚያ ትተኛለህ። የፍላክ ደረጃ ከ0 እስከ 8 ነው። ደረጃው ጥራትን አይነካም፤ ማሽኑ የሚደክመውንና ፋይሉ የሚጠበውን ብቻ ይወስናል። በ5 ተውነው። 8 ላይ ማሽኑ በጣም ይለፋል፣ የሚያተርፈው ግን ትንሽ ነው።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ትንሽ ታግሎ ተሸነፈ። ስንመለስ እስከዚያ የተለወጡት ፋይሎች ሁሉ ደህና ይመስላሉ፤ ስሞቻቸው አሉ። አንዱ ፋይል ግን ግማሽ ነበር። ሲከፈት መጀመሪያው ያምራል፣ ስለዚህ በጆሮ ቢፈተሽ ኖሮ ያልፍ ነበር። ጉድለቱን የያዘው የፍላክ አሠራር ነው። ፍላክ ተጽፎ ሲያልቅ የሙሉውን ድምፅ አሻራ፣ ማለትም ከድምፁ የተሰላ መለያ ቁጥር፣ ፋይሉ ራስ ላይ ያስቀምጣል። ፎባር ላይ ያለው መፈተሻ ድምፁን በሙሉ አውጥቶ ያሰላና ከአሻራው ጋር ያስተያየዋል። ግማሹ ፋይል ፈተናውን አላለፈም። ከኤክስተርናሉ ዋቩን አምጥተን ደገምነው።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ናሙና ቁጥሩ የተቀነሰውን ፋይል ከኦሪጅናሉ ጋር ቢት በቢት ማወዳደር አይቻልም፤ የተለያዩ ናቸውና። ለእነሱ የፈተሽነው ሁለት ነገር ነው፦ አሻራው ደህና መሆኑን፣ ርዝመቱም ከዋቩ ጋር መግጠሙን። ከዚያ ጋሼ ከየካሴቱ መጨረሻ ጥቂት ሰሙ። መጨረሻውን ነው መስማት ያለብህ። የተቆረጠ ፋይል የሚጋለጠው እዚያ ነው።

የድምፅ ደብዳቤዎቹ ሌላ ጉድ ነበራቸው። የተቀዱት በአንድ ቻናል ቴፕ ነው፤ ጋሼ ደግሞ በስቴሪዮ ዴክ ገልብጠዋቸዋል። ግራና ቀኙ አንድ ሰው ነው የሚናገረው። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ማድረግ ቦታውን ይቀንሳል፣ ሹክሹክታውንም ትንሽ ያሳንሳል። ነገር ግን ካሴቱን የሚያነበው የዴኩ ሄድ ካሴቱ ላይ ትክክል ካልቆመ ግራው ከቀኙ በጥቂት ይዘገያል። ያኔ ሲቀላቀሉ ቀጫጭኑ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ተናጋሪው ትራስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ሁለት ደብዳቤ ላይ ይህን ሰማነው። እነዚያን ሳንቀላቅል የተሻለውን ቻናል ብቻ ወሰድን። ይህ ሁሉ ግን ለመላኪያው ቅጂ ነው፤ ዋናው ፍላክ በስቴሪዮ እንዳለ ተቀምጧል።

መላኪያው ምንድን ነው? ጋሼ ፍላኩን ስልክ ላይ አይሰሙም፣ መኪና ውስጥም አይሰሙም። ስለዚህ ከፍላኩ ላይ ትናንሽ ቅጂዎች ተሠሩ። ደብዳቤዎቹ ኦፐስ በሚባለው ፎርማት፣ በአንድ ቻናል፣ በ32 ኪሎ ቢት። የአንድ ሰዓት ንግግር 14 ሜጋ ገደማ ሆነ። ኦፐስ እንግዳ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ የምንልከው የድምፅ መልእክት የሚሄደው በእሱ ነው። ጅዳ ለነበረችው፣ አሁንም ውጭ አገር ላለችው እህታቸው ወዲያው ተላከ። በሁለት ጊጋ ዋቭ ቢሆን ኖሮ የወሩ ፓኬጅ አይበቃም። «ይኼ እኔ ነኝ እንዴ?» ብላ መለሰች፤ ከዚያ የቀረውንም ጠየቀች።

ለመኪናው ፍላሽ ኤምፒ3 ሠራን። የመኪናው ማጫወቻ ፍላክም ኦፐስም አያውቅም። እዚህ ላይ የእህታቸውን ልጅ 128 ፈተና ላይ አስቀመጥነው። ፎባር ውስጥ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነግርህ የሚያሰማህ መፈተሻ አለ። ቀስ ያለ ትዝታ ላይ 128ቱን ከኦሪጅናሉ ማንም አልለየውም፤ እኔም ጭምር። ሰርጉ ላይ ግን ነገሩ ተገለጠ። ጭብጨባ፣ ከበሮና እልልታ አንድ ላይ ሲመጡ ኤምፒ3 ይደናገጣል። ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ጥላው ይቀድማል፤ ጭብጨባው ዝናብ ይመስላል። ክራር ላይም ጣት ክሩን የሚለቅበት ቅጽበት ይደበዝዛል። ልጁ ራሱ «አሃ» አለ። 192 ላይ ተስማማን። የአንድ ሰዓት ካሴት 86 ሜጋ ይሆናል፤ 65ቱም ሰዓት አንድ ትንሽ ፍላሽ ላይ ገባ።

የፋይል ስሞቹ በአማርኛ ናቸው። ፍላክና ኦፐስ ውስጥ ፊደሉ ችግር የለበትም። የመኪናው ስክሪን ላይ ግን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። እያንዳንዱን ስም በቁጥር እንዲጀምር አደረግነውና ጋሼ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀመጡት።

የወረዱት 20 ጊጋ ኤምፒ3ዎች? አልቀየርናቸውም። አንዴ የተቆረጠን እንደገና መቁረጥ ጥራቱን ይበልጥ ይጎዳል። ወደ ፍላክ መለወጥ ደግሞ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የተጣለውን አይመልስም። የተደጋገሙትን ብቻ አስወገድን፤ ጥቂት ጊጋ ተመለሰ።

ሲያልቅ ነጻው ቦታ ከ280 ጊጋ በላይ ሆነ። የእህታቸው ልጅ መንገድ ከዚህ የበለጠ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ ወደ 50 ጊጋ ተጨማሪ። ያንን 50 ጊጋ የሚይዘው አሁን ፍላኩ ነው። ጋሼ በዚህ አልተከፉም።

የተዋስነው ኤክስተርናል ተመልሷል። እሳቸው አዲስ ገዝተው የፍላኩን ፎልደር ገልብጠው ሌላ ሰፈር ላለችው ታላቅ እህታቸው ሰጥተዋል፤ ሌባም እሳትም ሁለቱን ቤት በአንድ ቀን አይመታም በሚል። የኦዳሲቲውም አቀማመጥ ተቀይሯል። አዲስ ካሴት የሚቀዳው በ48,000 ነው፤ ሲያልቅ በቀጥታ በ24 ቢት ፍላክ ይወጣል፤ መጨረሻው ይሰማል፤ ፕሮጀክቱ በዚያው ቀን ይጠፋል። ገና ያልተገለበጡ ጥቂት ካሴቶች አሉ። አንዱ ክሩ ተበጥሷል፤ እሱ መጀመሪያ ካቻቢቴ ይፈልጋል።